የተዘለለው ቁጥር

…ጫማዎን አያውልቁ አባባ ትለኛለች በሩ ላይ የቆመችው ልጅ፣ እዚህ አይወለቅም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ የእርሻ ጭቃ የረገጠ ጫማ ይዤ ሰው ምንጣፍ ላይ ልቁም፣ አወለቅኩት፣ በእጄ ይዤው ገባሁ፣ ሳቀች፣ ትሳቅ፣ እኔ ከሲሳኬት ገጠር እስከዚህ በአውቶቡስ ተጨፍልቄ የመጣሁት ለሳቅ አይደለም፣ ልጄን ይቅርታ ላስጠይቅ ነው፣ አስጠይቄ እመለሳለሁ፣ ጎሾቼን ለጎረቤት ነው የተውኳቸው፣ ጎረቤቴ ደግሞ ከጠጣ ውሃ ማጠጣት ይረሳል። ብቻ ይቅርታ የሚጠየቀው ሰውዬ ጨዋታውን አልጨረሰም። ትንሽ ይታገሡ ይሉናል። እንታገሣለን፣ ሌላ ምን እናውቃለን።

ቀዝቃዛ ነፋስ የሚተፋው ማሽን አንገቴ ላይ ነው። በመስታወቱ ማዶ ሳር፣ እስከ ዓይን መጨረሻ ሳር፣ አንድ ጎሽ የማይግጠው፣ አንድ ሰው የማያጭደው ሳር፣ በዚህ ድርቅ ውሃ ይረጩለታል፣ የእኔ ሩዝ በቁሙ ደርቆ ገለባ ሆኗል፣ ይሄ ለማንም የማይበላ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ይጠጣል፣ እና እዚህ ሳር ላይ ነው ትልልቅ ሰዎች ትንሽ ነጭ ኳስ በብረት ዱላ እየመቱ ሲከተሏት የሚውሉት፣ ልጄ ደግሞ ዱላቸውን ትሸከማለች፣ ኳሳቸውን ትፈልጋለች፣ ጥላ ትይዛለች። ካዲ ነው የሚሏቸው። ይሁን፣ ሥራ ነው፣ ሥራ አልንቅም።

ላምዱዋን አጠገቤ ናት። ልጄ። ጠዋት ከአውቶቡስ ከተቀበለችኝ ጀምሮ አንድ ቃል አላናገርኳትም፣ እሷም አላናገረችኝም፣ በዚህ እኔን ናት፣ እናቷ ብትሆን ይሄኔ አልቅሳ ጨርሳ ነበር፣ ይቺ ግን ጥርሷን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች፣ አረንጓዴ የደንብ ልብስ ለብሳ፣ እጅጌው ጣቷ ድረስ የሚደርስ፣ ሁሉም ሴቶች ለፀሐዩ ብለው እንዲህ ተሸፋፍነው ነው የሚውሉት፣ ደረቷ ላይ ቁጥር፣ መቶ አርባ ሁለት። ስም አውጥቼላት ነበር እኔ። ጓሯችን ከሚያብበው ዛፍ ስም ወስጄ ላምዱዋን አልኳት፣ እዚህ መቶ አርባ ሁለት ናት፣ ስልክ የደወለችልኝ ሥራ አስኪያጅም መጀመሪያ ያለችኝ የመቶ አርባ ሁለት አባት ነዎት ወይ ነው፣ ተሳስተሻል ብዬ ልዘጋው ነበር።

ምነው ተሳስታ በሆነ።

አባባ ልጅዎ ከባድ ጥፋት አጥፍታለች አለችኝ፣ ወይዘሪት ፒምላፓ ትባላለች፣ ድምጿ እንደ ሬዲዮ ለስላሳ ነው፣ የክለባችን የተከበሩ አባል ሲያ ሄንግ የጎልፍ ቦርሳቸው ላይ የቡድሃ ክታብ ያንጠለጥላሉ፣ ልጅዎ ቦርሳውን ሳሩ ላይ ጥላ፣ ክታቡን በእግሯ ተራምዳ፣ በጨዋታ መሀል ትታቸው ሄዳለች። በእግሯ።  እኛ ቤት ልጅ የተኛ ሰው እግር አይራመድም፣ የሩዝ ማቅ አይራመድም፣ ደብተር ወድቆ እንኳ አንስቶ ግንባሩን ያስነካል እንጂ አይራመድም፣ ይሄን ያስተማርኳት ልጅ ናት የጌታ ቡድሃን ምስል የተራመደችው፣ ለሚስቴ ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ ቀረች፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዳ የሙዝ ቅጠል ቆረጠች፣ እየጠቀለለች ውስጡ አበባና ጧፍ ሰካች፣ ሽማግሌ ስንበድል፣ መነኩሴ ስንበድል ይዘን የምንሄደውን ዓይነት፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት፣ መንገድ ላይ ትንሽ ጠውልጓል።

ልጅዎ በወላጅ ፊት፣ በባህላችን መሠረት፣ የአበባ ትሪ አቅርባ ብትሰግድላቸው ሲያ ይለዝባሉ። እንዲህ ነው ሥራ አስኪያጇ ያለችው። ካልሆነስ፣ ትባረራለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አይ አባባ፣ እኛ ሰው አናባርርም።

እኔም የአራተኛ ክፍል ጭንቅላቴ አመነ። አናባርርም ካለች አታባርርም ብዬ። ዛሬ ነው የገባኝ፣ ጠዋት ሶምኒት የምትባለው የካዲዎቹ ኃላፊ፣ ልጆቹ እትዬ ሶምኒት የሚሏት፣ ፊቷን በፀሐይ የጨረሰች ሴት፣ ሻይ በፌስታል ይዛልኝ መጥታ ከቤቱ ጀርባ ያለውን አግዳሚ ያሳየችኝ ጊዜ። ጋሽ ቶንግካም ይስሙ አለችኝ። ድምፅ ማጉያው ይጠራል፣ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አንዷ ተነስታ ትሮጣለች፣ መቶ አርባ፣ ሌላዋ፣ መቶ አርባ አንድ፣ መቶ አርባ ሦስት። ይሄው ነው አለችኝ። ማባረር ወረቀት ይፈልጋል፣ ካሣ ይፈልጋል፣ ይሄ ምንም አይፈልግም፣ መዝለል ነው፣ ከክፉ እንግዳ ጋር የተጋጨች ካዲ ቁጥሯ ይዘለላል፣ ተራ ካልደረሰሽ ሥራ የለሽም፣ ሥራ ከሌለሽ ጉርሻ የለሽም፣ ምን ትበያለሽ፣ ማንም ሂጂ አላለሽም፣ በራስሽ ጊዜ ትሄጃለሽ። ላምዱዋን ከዚያን ቀን ጀምሮ እየለበሰች እየመጣች አግዳሚው ላይ ትውላለች፣ ማታ ልብሷን አውልቃ ትሄዳለች።

እኔ አንድ በሬ ከጎዳኝ እሸጠዋለሁ፣ አሥሬ አላስርበውም።

እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለው ነው የሚጠሩት፣ ሰው አስቀምጦ ሰው እንዳልሆነ ማድረግ፣ ቁጥር ሰጥቶ ቁጥሩን መርሳት፣ ይሄን የፈጠረው የተማረ ሰው መሆን አለበት፣ ያልተማረ ሰው ቢናደድ ይሳደባል፣ ቢብስበት በጥፊ ይማታል፣ እንዲህ በዝምታ ሰው ማድረቅ አያውቅበትም። እቤት ደግሞ ሩዙ የለም፣ ካሳቫውን ተባይ ጨርሶታል፣ የላምዱዋን ትንሿ ልጅም እኛ ጋ ናት የምታድገው፣ የምንበላው ይቺ እዚህ ፀሐይ ላይ ስትቃጠል የምታገኘውን ነው፣ ስለዚህ ትስገድ፣ አጥፍታለች ትስገድ፣ ወገብ ቢያጎነብሱት አይሰበርም፣ ብዬ ነው የመጣሁት፣ አሁንም እንዲያ ነው የማስበው።

ይመስለኛል።

ሶምኒት ባትነግረኝ ጥሩ ነበር። ነገረችኝ። ጋሽ ቶንግካም፣ ነገሩን ከጫፉ ነው የነገሩዎት፣ ይሄ ሲያ ሄንግ የበረዶ ፋብሪካ አለው፣ የጭነት መኪና አለው፣ ሲያ፣ ጌታው፣ የሚሉት ገንዘብ ስለጠገበ ነው እንጂ ምግባሩስ የመናኸሪያ ሌባ ምግባር ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ኳሷ በምትገባበት በየጉድጓዱ በገንዘብ ይወራረዳል፣ የዚያን ቀን ኳሷ ዛፍ ሥር፣ ሥሩ መሀል ተሰንቅራ ነበር፣ ጓደኞቹ ዞር ሲሉ በጫማው ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ንጹሑ ሳር አወጣት፣ አንደኛው ተጠራጠረ፣ ወደ ላምዱዋን ዞሮ አንቺ ልጅ፣ ኳሷ የት ነበረች አላት። ታዲያ ምን አለች አልኩ። ሥሩ መሀል ነበረች ጌታዬ አለች። ውርርዱን ተበላ። በዚያው ሰውየው ጨሰ፣ ከዚያማ…

እትዬ፣ ይበቃል፣ አለች ላምዱዋን። ያኔ ነው ድምጿን የሰማሁት። ሶምኒት ተነስታ ሄደች።

ምን ነበር የምትለኝ።

ዝም ማለት አትችልም ነበር ወይ፣ አላየሁም ብትል ምን ነበረበት፣ ዓይኔን ፀሐይ መታው ብትል፣ ብዙ ሰው እንዲያ ይላል፣ ይሄን አስባለሁ ከዚያ ደግሞ እናደዳለሁ፣ ማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም፣ ስትጠየቂ መልሺ ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ አንድ ጊዜ ጠይቄ አንድ ጊዜ ነው የሚመለስልኝ ብዬ፣ እና ተጠየቀች፣ መለሰች፣ ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው፣ ክታቡ ላይ ነው፣ አዎ ክታቡ፣ ክታቡን መራመድ ጥፋት ነው፣ ግን ክታብ አንጠልጥሎ ኳስ በእግር መግፋትስ፣ ጌታ ቡድሃ ቦርሳው ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ አልነበረም ወይ፣ ወይስ እሱም ዓይኑን ጸሐይ መታው። ይቅር በለኝ። እንዲህ አይታሰብም። አሰብኩት።

ወይዘሪት ፒምላፓ መጣች። የልጄ ዕድሜ ናት፣ የጫማዋ ተረከዝ እንደ ምስማር፣ ለእኔ እጆቿን አጋጥማ ሰላምታ ሰጠችኝ፣ በአግባቡ ነው፣ አንገቷንም ዝቅ አደረገች፣ ቁጡ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አባባ በጣም እናመሰግናለን አለች፣ እዚህ እንደ አንድ ቤተሰብ ነን፣ ለክለባችን የደንበኛ እርካታ ማለት፣ ከዚያ አልሰማሁም፣ ብዙ ቃል አለች፣ ቃሏ እንደዚያ ሳር ነው፣ ለምለም፣ የማይበላ። የሚስቴን የሙዝ ቅጠል አየችው። ይሄ እንኳ ይቆይ አለች፣ እኛ አዘጋጅተናል፣ ፎቶ ስለምናነሳ፣ ለአባላት ስለምንልከው። የእነሱ ትሪ ወርቅ የተቀባ ነው፣ የጃስሚኑ ጉንጉን ሪባን አለው፣ አበቦቹን ነካኋቸው፣ ግማሹ ፕላስቲክ ነው። በፕላስቲክ አበባ ይቅርታ። የሚስቴን ግን ከሶፋው ሥር አስቀመጠችው፣ እግር ሥር፣ እሷ ደግሞ የምትናገረው ስለ መራመድ።

 

እኔ ምን እንደማደርግ ነገረችኝ፣ ከልጅዎ ኋላ ይንበረከኩ፣ ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም፣ መገኘትዎ ብቻ ይበቃል። መገኘቴ። እንደ ፕላስቲኩ አበባ።

መጣ። ከሩቅ ነው የሲያ ሄንግ ሳቅ የተሰማው፣ ወፍራም አይደለም፣ ወፍራም ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ደረቅ ያለ፣ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ፣ በዕድሜ ከታናሽ ወንድሜ የሚያንስ ሰው ነው፣ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶታል፣ የጨዋታ ጫማው ሥር ያሉት ጥርሶች ወለሉን ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ክታብ በክታብ ላይ፣ የተደረደሩ፣ እንደ ነጋዴ ሱቅ። ወንበር ሰጡት፣ ተቀመጠ፣ ቢራ አመጡለት። እሺ፣ የታለች አለ። ፊት ለፊቱ ናት።

ላምዱዋን ጉልበቷ ላይ ወረደች። ከኋላዋ ወረድኩ። ሶምኒት በሩ ጋ ናት፣ ከኋላዋ አንገታቸውን የሚያሰግጉ ካዲዎች አሉ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ሥራ አስኪያጇ ስልኳን ለፎቶ አነሳች፣ ትሪው ልጄ ፊት ነው፣ ትሪውን ገፋ አድርጋ ማቅረብ፣ መዳፍ ማጋጠም፣ ወደ ግንባር ማንሳት፣ መስገድ፣ ሕፃን ሳለች ጀምሮ የምታውቀው ነው፣ በየዓመቱ ለአያቷ ታደርገው ነበር። መዳፎቿን አጋጠመች። ወደ ደረቷ አነሳች። እዚያ ቆሙ።

አንሺ፣ እላለሁ በሆዴ።

አልተነሱም። ከኋላ ሆኜ ጆሮዋ ሲቀላ አየዋለሁ፣ ወይዘሪት ፒምላፓ በሹክሹክታ መቶ አርባ ሁለት፣ ከፍ አድርጊ፣ እስከ ግንባርሽ ትላለች፣ ግራዋ ይነሳል ቀኟ ይቀራል፣ መዳፎቿ ይለያያሉ፣ እንደገና ታጋጥማቸዋለች፣ ሲያ ሄንግ ቢራውን አስቀምጦ ይስቃል፣ አያችሁ ይላል፣ አባቷን ይዛ መጥታ እንኳ ትንቀኛለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አቁማ እንደ እኩያዋ ሰላም ልትለኝ ነው። እኔም በዚያች ቅጽበት ልጮህባት ነበር፣ እውነት ነው፣ አንሺ አንቺ ልጅ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

አልናቀችዎትም ሲያ፣ አለች ሶምኒት ከበሩ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ክንዷ አይነሳም። ብረቱ ያረፈበት ክንድ ነው።

ማሽኑ ብቻ ይነፍሳል።

ብረቱ ምን። እጅጌዋን ያዝኩ፣ አባ ተው አለች፣ አልተውኩም፣ ወደ ላይ ሰበሰብኩት፣ ከክርኗ በላይ ያለው ሥጋ ሥጋ አይመስልም፣ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ፣ መሀሉ አብጧል፣ የዱላ ሰንበር ነው፣ በሬ የመታሁበትን ሰንበር አውቃለሁ፣ ይሄን ያህል በሬም መትቼ አላውቅም። እና የቀረው ገባኝ፣ ሶምኒት ልትለኝ ያልቻለችው፣ ጨሰ፣ ከዚያማ ዱላውን ወረወረባት፣ ቦርሳውን የጣለችው ክንዷ ስለማይዝ ነው፣ ክታቡን የተራመደችው ዓይኗ ጨልሞ እየሄደች ስለነበረ ነው፣ እና ይሄ ሰውዬ ክታቤ ተነካ ብሎ ከሰሰ፣ ልጄን በብረት መትቶ ተከሳሽ አደረጋት፣ እሷ ደግሞ ለእኔ አልነገረችኝም፣ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ብትነግረኝ ጎትቼ ወደ ቤት እንደምወስዳት ታውቃለች፣ ቤት ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃለች።

አባባ፣ አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ይሄ ተነጋግረን የጨረስነው ጉዳይ ነው፣ ዱላው ከሲያ እጅ አምልጦ ነው፣ ሆን ተብሎ አይደለም።

ታውቃለች። ያን ጊዜም ታውቅ ነበር፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅ ልጅዎ ጥፋት አጥፍታለች ስትለኝ ክንዷን ታውቅ ነበር፣ እንደ አንድ ቤተሰብ ነን ስትለኝ ታውቅ ነበር፣ ስንት ቃል ስታወራ ክንድ የሚለውን አንዲት ቃል ዘለለቻት፣ ይሄ ቤት መዝለል ያውቃል፣ ቁጥር ይዘላሉ ክንድ ይዘላሉ፣ እዚህ ወለሉ ላይ ጉልበቴን ቀብሬ በቁሜ ልፈነዳ ነው፣ ልነሳና ወንበሩን ላንሳ፣ ያን የተቀባ ፀጉሩን፣ እጄ የገበሬ እጅ ነው ምን እንደሚችል አውቀዋለሁ፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ እስር፣ ከዚያ ማን ያርሳል ማን ያበላል፣ ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አስባለሁ፣ እጄ ግን ወንበሩን አላነሳም፣ እጄ የሄደው ትሪው ላይ ነው። ትሪውን ከልጄ ፊት ጎትቼ ወደ እኔ ፊት አመጣሁት። እሷን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ወደ ጎን አስቀመጥኳት።

የእሷ ክንድ ካልተነሳ የእኔ ይነሳል፣ አልኩ። እኔ እሰግድልዎታለሁ ጌታዬ።

ሰገድኩ። መዳፌን አጋጥሜ ግንባሬ ላይ፣ ከዚያ እጄን መሬት፣ ግንባሬን መሬት። አንድ።

ቀና ስል ሲያ ሄንግ ቆሟል። ወንበሩ ወደ ኋላ ወድቋል። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሩዝ ነጭ ሆኗል። ተዉ አባባ፣ ይላል፣ እርስዎ አይደሉም፣ እርስዎ አይሰግዱልኝም፣ እሷን ነው ያልኩት። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፣ እነዚያን በአንገቱ ላይ የተደረደሩ ክታቦች ሳይ ገባኝ፣ ይሄ ሰው የሚፈራ ሰው ነው። ትልቅ ለትንሽ አይሰግድም፣ ትንሹ እጁን ያነሳል ትልቁ ይመርቃል፣ እኔ የእህቴን ልጅ መንገድ ላይ ሳገኘው እንኳ እሱ እስኪቀድም እጄን አላነሳም፣ ለራሱ ብዬ ነው፣ ሽማግሌ የሰገደለት ወጣት ዕድሜው ይቀነሳል፣ እኛ ዘንድ ይሄን ሕፃን ያውቃል። እሱም ያውቃል። ወይዘሪት ፒምላፓ ነች የረሳችው፣ ፎቶው ውስጥ ሽማግሌ ቢገባ ያምራል ብላ ነው የጠራችኝ፣ ሽማግሌ ምን እንደሆነ የሚነግራት የለም ይሄ ማሽን ሲነፍስባት ኖራ።

እኔ ለመበቀል አልወረድኩም። ንዴት ነው ያወረደኝ፣ ልጄን ከዚያ ወለል ላይ ለማስነሳት ነው። አሁን ግን አውቄያለሁ፣ አውቄም መዳፌን እንደገና አጋጠምኩ።

አባባ እባክዎ። አንድ ሰው ያስነሳቸው። ማን ያስነሳኝ፣ ካዲዎቹ አይነቃነቁም፣ ሶምኒት እጇን አጣጥፋለች፣ ሥራ አስኪያጇ ስልኳን አውርዳ አፏን ከፍታ ትቀራለች፣ እሱም ሊነካኝ አይደፍርም፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ጫማው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ሰገድኩ። ሁለት።

ስግደት ሦስት ነው፣ ሦስተኛው ነው የሚዘጋው። መዳፌን አጋጥሜ ግንባሬ ላይ አቆየሁት። ጉልበቴ ይጮሃል፣ ይጩህ።

ማን መታት፣ አልኩ።

አባባ…

ልጄን ማን መታት።

አየ፣ ወዲያ ወዲህ አየ፣ በሩ ላይ ያን ሁሉ ቁጥር አየ። እኔ ነኝ አለ። ተናድጄ ነው፣ ወረወርኩት። ይነሱ አሁን።

ኳሷስ።

ነካኋት። በእግሬ ነካኋት። በቃ ይነሱ።

በሩ ጋ አንዷ ካዲ ሳቅ አመለጣት፣ ሌላዋ ቆነጠጠቻት። እጄን አወረድኩ። ሦስተኛውን አልሰገድኩም፣ ጠይቄ ተመለሰልኝ፣ የጠየቅኩትን ከመለሰልኝ ሰው ጋር ሥራ የለኝም። እሱ ግን አልጨረሰም። ከግድግዳው መጥቶ፣ በቀይ ሸሚዙ፣ ወለሉ ላይ ወርዶ ሦስት ጊዜ ሰገደልኝ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ዕቃ እንደሚመልስ ሰው፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ፣ ምርቃት ነው የሚጠብቀው፣ እጄን አናቱ አጠገብ አድርጌ ዕድሜህ ይርዘም እንድለው፣ የወሰድኩበትን እንድመልስለት። የተቀባው ፀጉር ሥሩ ነጭ ነው።

ከእኔ አይደለም፣ አልኩት። ከእሷ ጠይቅ። ክንዷ የእሷ ነው።

ቀና ብሎ ላምዱዋንን አያት። አየኋት ስትጠብቀው፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ እጅጌዋን አውርዳለች፣ ጉልበቷ ላይ እንዳለች ናት፣ እኩል ናቸው፣ ወለል ላይ ሁለቱም። ጠበቅን። እስካሁን ያላየሁትን ነገር ያኔ አየሁ፣ ለሽማግሌ ለመስገድ የፈጠነው ወገብ ለእሷ አልታጠፍ አለ፣ ሞት እየፈራ እንኳ አልታጠፍ አለ፣ አንገቱ ይንቀሳቀሳል፣ አፉ ይከፈታል፣ አሥር ቃል አይፈጅበትም፣ ይቅርታ ላምዱዋን፣ ስሟን አያውቀውም፣ ይቅርታ መቶ አርባ ሁለት ቢል እንኳ። ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ። ቁጥሯን መልሱላት፣ አለ ለሥራ አስኪያጇ፣ እየሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶን።

እና ይሄው ነው። አልቋል ይሉኛል። ወይዘሪት ፒምላፓ እጄን በሁለት እጇ ይዛ በጣም ደስ የሚል መግባባት ነው ትላለች፣ መግባባት፣ ይሄን ቃል የት ነው የምታስቀምጠው እንዲህ ሳይቆሽሽ። የሚስቴን የሙዝ ቅጠል ከሶፋው ሥር አውጥቼ ወጣሁ፣ ለእነሱ አልተወውም።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠናል፣ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ አንዷ የሚጣበቅ ሩዝ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ሌላዋ ጋሽዬ አዳኛችን ነዎት ለእኔ እንግዳም ሁለት ሰግደው ይሂዱ ትላለች፣ ይስቃሉ፣ ሶምኒት ተዉ እንጂ ትላቸዋለች፣ እሷም ትስቃለች። ላምዱዋን አትስቅም። ከዚያ ቆይታ፣ እኔን ሳታይ፣ ሦስተኛውን ብትሰግድ ይሞት ነበር አባ፣ ትለኛለች።

እንጃ።

ታዲያ ለምን ተውከው።

 ክንድሽን ሐኪም ይየው አልኳት። ዛሬ ተራዬን ከጣልኩ ነገ ይሄን ምክንያት አድርገው ይዘሉኛል አለች። እሱ ቢመጣስ፣ ተራሽ ቢደርስ፣ የእሱን ቦርሳ። እሸከማለሁ አለች። እንዲህ ነው ያለችው፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ፣ እሸከማለሁ፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያው ጠራት፣ ተነስታ ባርኔጣዋን አጥልቃ ሄደች፣ ጋሪውን በግራ እጇ እየጎተተች፣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ከፊቷ፣ ወደዚያ ውሃ ወደጠገበው ሳር።

ደስ ይበልህ ይለኛል ሁሉም። ሥራዋ ተረፈ። ተርፏል፣ ግን በምን ተረፈ፣ እውነት ስለተናገረች ተረፈች፣ አይደለም፣ ስለተመታች ተረፈች፣ አይደለም፣ ክንዷን ሁሉም ያውቀው ነበር ቁጥሯ ግን ይዘለል ነበር፣ የተረፈችው አንድ ሀብታም ለዕድሜው ስለደነገጠ ነው፣ ድንጋጤ ደግሞ ይለቃል፣ ነገ ገዳም ሄዶ መነኩሴ ውሃ ይረጭበታል፣ ይለቀዋል፣ ያኔ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ያለችው ምላስ እንደገና አንድ ቁጥር ይከብዳታል፣ ማን ያያታል፣ ማንን ትከሳለች፣ ማንም አላባረራትም። እና ይቺ ሩዝ የሰጠችኝ ልጅ፣ ይቺ የምትስቀው፣ እጅጌዋ ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል፣ ይሄ ሁሉ ረጅም እጅጌ፣ ለፀሐይ ነው ይላሉ፣ ይሄ ሁሉ ሴት አግዳሚ ሞልቶ፣ ለእያንዳንዷ ከየመንደሩ አንድ አንድ ሽማግሌ በአውቶቡስ ሊመጣላት ነው፣ ጉልበቱን ይዞ ሊሰግድላት ነው ወይ፣ አባቷ የሞተባት የለችም ወይ፣ አባቷን የማታውቅ የለችም ወይ፣ አባቷ ቢመጣ እንደ እኔ መጀመሪያ እሷ ላይ አፉን የሚከፍት የለም ወይ፣ ሰውየውስ፣ ክታብ የማያስር፣ ምንም የማይፈራ ሰው የመጣ ቀን፣ ያን ቀን ምን…